አንቀጽ 17፡ ደብዳቤያችን በማን በኩል ይሂድ?

የውጫሌ ውል ሲነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው አንድ ቃል ነው። በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የተባለው፣ በኢጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተነበበ። ትምህርት ቤት የተማርነው፣ የካቲት 23 በመጣ ቁጥር በሬዲዮ የምንሰማው ይኸው ነው። በቃሉ ላይ ብዙ ከመባሉ የተነሳ ግን ቃሉ የተጻፈበት ጉዳይ ተዘንግቷል። አንቀጽ 17 ስለ ምን ነበር? ስለ ድንበር አልነበረም፤ ድንበሩ በአንቀጽ 3 ሰፍሯል። አንቀጽ 17 የሚናገረው ስለ መላላክ ነው። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ለሌሎች መንግሥታት የሚጽፉት ደብዳቤና የሚያካሂዱት ጉዳይ በማን እጅ ይለፍ?

ዛሬም የምሩቃን ቡድን፣ የሙያ ማኅበር ወይም ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ያቋቋሙት መረዳጃ እድር መላላኪያውን ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ሲያዛውር የሚገጥመው ጥያቄ የዚሁ ዘመድ ነው። ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። አስቀድሞ ግን ከቦታው እንነሳ።

ቦታውና ቀኑ

ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ሐይቅን አለፍ ብሎ የምትገኝ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት። አምባሰልን ብዙ ሰው የሚያውቀው በቅኝቱ ነው። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከሚቆጠሩት አራቱ ቅኝቶች አንዱ በዚሁ አገር ስም ይጠራል። ውሉ የተፈረመበትን የንጉሡን ሰፈር የአካባቢው ሰው ይስማ ንጉሥ ይለዋል።

ቀኑ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ሜይ 2 ቀን 1889። ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ካረፉ ገና ሁለት ወር አልሞላም። ምጽዋን በ1877 ዓ.ም. የያዘችው ኢጣሊያ ወደ ደጋው ለመውጣት አሰፍስፋለች። ምኒልክ ደግሞ ዙፋኑን ለማጽናት ጠመንጃ፣ ገንዘብና እውቅና ይፈልጋሉ። በኢጣሊያ በኩል የፈረመው ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ለዓመታት ሸዋ የተመላለሰ፣ ቤተ መንግሥቱን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ሦስቱ አንቀጾች

ውሉ 20 አንቀጾች አሉት። ለእኛ ጉዳይ ግን 16፣ 17 እና 19 ይበቃሉ።

አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በኢጣሊያንኛው ያለው ግሥ «ኮንሴንቴ» ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣሊያ መንግሥት ለመጠቀም «ይስማማሉ» እንደ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ «ግድ አለባቸው» የሚል ቃል በቀጥታ አልተጻፈም። የሮም መንግሥት ግን «ከተስማሙ ታስረዋል» ብሎ አነበበው። በአማርኛው በኩል ያለው አገልግሎት ነው፤ ደስ ሲልህ ትጠቀምበታለህ፣ ካላሻህ ትተወዋለህ። በኢጣሊያንኛው በኩል ያው አገልግሎት ሞግዚትነት ሆነ።

ከእሱ አንድ ቁጥር ቀደም ብሎ ያለውን አንቀጽ 16 የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ በውሉ ላይ ለውጥ ማድረግ ቢፈልግ፣ አንድ ዓመት አስቀድሞ በማስታወቅ ማድረግ ይችላል ይላል፤ መሬትን የሚመለከተው ብቻ ሳይነካ ይቀራል። ማለትም መውጫው በር ከወጥመዱ ጎን ነበር። አንቀጽ 19 ደግሞ ውሉ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ መጻፉን፣ ሁለቱም ጽሑፎች ፍጹም የተስማሙ መሆናቸውን፣ ሁለቱም እኩል ሥልጣን እንዳላቸው ይደነግጋል። «ፍጹም የተስማሙ» የሚለው ሐረግ ዛሬ ሲነበብ ፈገግ ያሰኛል። ነገር ግን በኋላ እንደምናየው ምኒልክን የጠቀመ አንቀጽ ነው።

ስህተቱ የአስተርጓሚ ነው ወይስ የአንቶኔሊ ተንኮል? በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስዊድናዊው ስቬን ሩቤንሰንና ኢጣሊያዊው ካርሎ ጂሊዮ በዚህ ላይ በሰፊው ተከራክረዋል። ሩቤንሰን አንቶኔሊ የሁለቱን ጽሑፎች ልዩነት ያውቅ ነበር ወደሚለው ያመዝናል፤ ጂሊዮ ይከላከልለታል። ለዚህ ጸሐፊ የሩቤንሰን ክርክር ይበልጥ ያሳምነዋል። ሆኖም ከተንኮሉ በፊት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ምኒልክ ይህን አገልግሎት ለምን ፈለጉት?

ወደብ የሌለው ደብዳቤ

መልሱ መንገዱ ነው። ከአንኮበር ወይም ከእንጦጦ የተነሳ ደብዳቤ ለንደን ወይም በርሊን ለመድረስ በረሃ ማቋረጥ፣ ወደብ መድረስ፣ መርከብ ማግኘት ነበረበት። ወደቦቹ ደግሞ ሁሉም በሌላ እጅ ነበሩ። ምጽዋና አሰብ በኢጣሊያ፣ ዘይላ በእንግሊዝ፣ ኦቦክና ጅቡቲ በፈረንሳይ። በዚያ ላይ ደብዳቤው ሲደርስ የሚቀበለው፣ ለሚመለከተው ሹም የሚያቀርበው፣ ምላሹን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በአውሮፓ ቋሚ መልእክተኛ አልነበራትም። ስለዚህ በወዳጅ መንግሥት የፖስታ ከረጢትና በወዳጅ መንግሥት ቆንስሎች መጠቀም የዘመኑ ብልሃት ነበር።

ነገሩም ውጫሌ ላይ የተፈጠረ አልነበረም። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1875 ዓ.ም. ከዚያው ከአንቶኔሊ ጋር በተዋዋሉት የወዳጅነትና የንግድ ውል ውስጥም ወደ አውሮፓ ለሚልኩት ደብዳቤ በኢጣሊያ ሹማምንት መጠቀም እንደሚችሉ ተጽፎ ነበር። ስድስት ዓመት ያለ ችግር የሠራ ነገር ነው። ሰው የለመደውን አንቀጽ ዳግመኛ ሲያየው በጥንቃቄ አያነበውም። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስንጭን «እስማማለሁ» የምትለዋን ሳናነብ የምንጫን ሁሉ ይህን ለመረዳት አይቸግረንም።

ደብዳቤው ሲመለስ

ከውሉ በኋላ ደጃዝማች መኮንን (በኋላ ራስ) ወደ ኢጣሊያ ተላኩ። በመስከረም 1882 ዓ.ም. ተጨማሪ ውል ተፈረመ፤ የሐረር ጉምሩክ በመያዣነት ተይዞ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተፈቀደ። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1889፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ መንግሥት የበርሊኑን የ1885 ስምምነት አንቀጽ 34 ጠቅሶ ለኃያላኑ መንግሥታት ማስታወቂያ ላከ። ኢትዮጵያ ከእንግዲህ ጉዳይዋን የምታካሂደው በኢጣሊያ በኩል ነው የሚል ነው። ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም የነገሡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። ዘውዱ ሳይደፋ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የደብዳቤው መንገድ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው።

እሳቸው ግን ይህን አያውቁም። በታኅሣሥ 1882 ዓ.ም. መንገሣቸውን ለማብሰር ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያና ለጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት በቀጥታ ጻፉ። የመጣው ምላሽ ጉዳዩ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል የሚታይ መሆኑን የሚገልጽ ነበር። የአንቀጽ 17 የኢጣሊያንኛ ትርጉም በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው። ስለ መላላክ የተጻፈው አንቀጽ ተንኮሉ የተጋለጠውም በመላላክ ነው።

ምኒልክ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጻፉ። ሁለቱን ጽሑፎች አስተያይተው፣ አማርኛው እንዲህ እንደማይል አመለከቱ። አንቀጽ 19 ያገለገላቸው እዚህ ላይ ነው። አማርኛው እኩል ሥልጣን ባይኖረው፣ ወይም ቅጂው በእጃቸው ባይኖር፣ ክርክሩ «እኔ እንዲህ መስሎኝ ነበር» ከማለት አያልፍም ነበር።

በዚሁ አገር የጽሑፍን ቅጂ በራስ ቤት የማቆየት ልማድ ከውሉ ስድስት መቶ ዓመት ይቀድማል። ከውጫሌ ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያጻፉት አራቱ ወንጌል አለ። በባዶ ገጾቹ የገዳሙ ጉዳዮች ተመዝግበውበታል። የርስትና የጉልት ጉዳይ በወንጌል ላይ የሚጻፍበት ምክንያት ግልጽ ነው። መጽሐፉ ከቤተ ክርስቲያኑ አይወጣም፤ ሊፍቀው የሚደፍርም አይገኝም።

አንቶኔሊ ነገሩን ሊያስተካክል ተመልሶ መጣ። ኢጣሊያ ለመንግሥታት አንዴ ስላስታወቀች ክብሯን ጠብቃ ቃሏን ማጠፍ አትችልም ሲል፣ እቴጌ ጣይቱ የኢትዮጵያም ክብር እንዲሁ የሚጠበቅ መሆኑን ነገሩት። የካቲት 1883 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ለቀልድ የሚቀርብ ነገር ተፈጠረ። አንቶኔሊ አንቀጽ 17 ባለበት ይቆያል ብሎ ያሰበውን አዲስ ስምምነት ፈረመ። ቆይቶ የአማርኛው ጽሑፍ አንቀጹ ተሰርዟል የሚል ሆኖ አገኘው። ተቆጥቶ ወረቀቱን ቀደደና አገር ለቆ ሄደ። በዚህ ጊዜ ያልጠበቀውን ጽሑፍ የፈረመው እሱ ነበር።

ከመልቀቅ በፊት ሌላ በር

ምኒልክ ውሉን ወዲያው ቀድደው አልጣሉም። ሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ላይ የአገራቸውን ወሰን የሚገልጽ ደብዳቤ ለኃያላኑ በቀጥታ ላኩ። ይህ በተግባር አንቀጽ 17ን መሻር ነው። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ደግሞ ውሉን እንደሚያፈርሱ በይፋ አስታወቁ፤ ብድሩንም መለሱ። አንቀጽ 16 የሚጠይቀው አምስት ዓመት ሚያዝያ 1886 ዓ.ም. ላይ ይሞላ ነበር። አንድ ዓመት አስቀድሞ ማስታወቅ የሚለው ተሟልቷል። ውሉን በውሉ መንገድ ወጡበት፤ ዕዳም አልተውም።

ይህን ሊያደርጉ የቻሉት ሌላ መንገድ ስለነበራቸው ነው። ሐረር በ1879 ዓ.ም. በእጃቸው ከገባ ወዲህ የጅቡቲ መንገድ ተከፍቷል። መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. (ማርች 9 ቀን 1894) ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገዱን ፈቃድ ሰጡ። የኢትዮጵያ ፖስታ የተቋቋመበት አዋጅም የወጣው በዚያው ቀን ነው። የውጫሌ ውል አምስት ዓመቱን ሊደፍን ሁለት ወር እንኳ ባልቀረው ጊዜ ማለት ነው። አንባቢ ይህን እንደ አጋጣሚ ሊያየው ይችላል። እኔ ግን የራስን ፖስታ ማቋቋምና ከአንቀጽ 17 መውጣት የአንድ ሐሳብ ሁለት ገጽ ናቸው ባይ ነኝ።

ቴምብሮቹ ፓሪስ ታተሙ፤ ቅርጹን የቀረጸው ኤዤን ሙሾን ነው። ሰባት ዓይነት ነበሩ። ከሩብ ግርሽ እስከ ሁለት ግርሽ ያሉት አራቱ የምኒልክን ምስል፣ የ4፣ የ8 እና የ16 ግርሽ የሆኑት ሦስቱ አንበሳውን ይዘዋል። ጽሑፉ በአማርኛ ብቻ ነበር። የውጭ ሰው ስላላነበበው በ1901 እ.ኤ.አ. «ኢትዮፒ» የሚል የላቲን ፊደል ማኅተም ተመታበት።

ነገር ግን ቴምብር ማተምና ደብዳቤ ማድረስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኢትዮጵያ በ1874 እ.ኤ.አ. በርን ላይ የተመሠረተው የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች የምኒልክ ምስል ያለበት ፖስታ ከጅቡቲ ወዲያ አይሄድም ነበር። ባሕር እንዲሻገር የፈረንሳይ ቴምብር ይጨመርበታል። ሰብሳቢዎች ዛሬ በውድ የሚፈልጓቸው ሁለት ዓይነት ቴምብር የተለጠፈባቸው ፖስታዎች የዚያ ዘመን ማስረጃ ናቸው። ከአድዋ በፊት ኅብረቱን ለመግባት የቀረበውን ጥያቄም ኢጣሊያ ያንኑ አንቀጽ 17 ይዛ ተቃውማለች። ይሄ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ አንቀጹ ምን እንደነበር ያሳያል። ፖስታ ቤት ለመክፈት የሚያስፈልገው ፈቃድ ራሱ በአሮጌው ፖስተኛ በኩል እንዲጠየቅ ማለት ነውና።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የሆነው ይታወቃል። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌ ውል ተሰረዘ፤ ኢጣሊያም የኢትዮጵያን ፍጹም ነፃነት አወቀች። ወደ ፖስታ ኅብረቱ መግባት ግን ተጨማሪ 12 ዓመት ወሰደ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችው ኖቬምበር 1 ቀን 1908፣ ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ነው። ከይስማ ንጉሥ ፊርማ እስከዚያ 19 ዓመት ተኩል። የጦርነቱ ድል በአንድ ቀን ሲገኝ የደብዳቤው ነፃነት ሁለት አሥርት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ከድሉ በኋላ ምኒልክ ያደረጉት ነገር ደግሞ ብዙ አይነገርለትም። ከፈረንሳይ ጋር የባቡሩን መንገድ ይዘው ሳለ፣ ከአስመራ አዲስ አበባ የሚዘረጋውን የቴሌግራፍ መስመር እንዲሠሩ ለኢጣሊያኖች ፈቀዱ። ሥራው ከ1902 እስከ 1904 እ.ኤ.አ. ተካሄደ። ከተዋጓቸው ሰዎች ጋር! ቂም ስለረሱ አይመስለኝም። መልእክቱ በምሥራቅ ቢታገድ በሰሜን፣ በሰሜን ቢታገድ በምሥራቅ እንዲሄድ ነው። ኢጣሊያ አሁንም ደብዳቤ ታደርሳለች፤ ብቸኛ አድራሽ ግን አይደለችም።

የዛሬዎቹ ከረጢቶች

ያሁ ግሩፕስ የተባለውን የኢሜይል ቡድን አገልግሎት ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይ ውጭ ያሉት፣ በ2000ዎቹ ተጠቅመውበታል። አንድ አድራሻ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ለሁሉም አባል ይደርሳል፣ የቆየውም በማኅደር ይቀመጣል። ድርጅቱ በኦክቶበር 2019 ማኅደሩን ሊያጠፋ መሆኑን አስታወቀ። አባላት የራሳቸውን እንዲያወርዱ የተሰጠው ጊዜ በጃንዋሪ 2020 መጨረሻ አበቃ፤ ኢሜይል ማስተላለፉም ዲሴምበር 15 ቀን 2020 ቆመ። ወደ ጉግል ግሩፕስና ግሩፕስ አይኦ የተሻገሩ አሉ። ሌሎች ወደ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም ተበተኑ። ያላወረደ ማኅበር የዓመታት የሐዘን ማስታወቂያ፣ የመዋጮ ዝርዝርና ክርክር አብሮ ጠፋበት። ማስታወቂያው ከሦስት ወር ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ነው የሰጠው፤ የውጫሌው አንቀጽ 16 እንኳ አንድ ዓመት ይሰጥ ነበር።

አዲስ ቤት ሲመረጥ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ነፃ ነው ወይ፣ ለስልክ ይመቻል ወይ የሚለውን ነው። ክፉ ጥያቄ አይደለም፤ ምኒልክንም የሳባቸው ምቾቱ ነበር። ከዚያ ቀድሞ መታየት ያለበት ግን መውጫው ነው። ጽሑፉንና የአባላቱን ዝርዝር በሌላ ቦታ በሚነበብ መልክ ማውጣት ይቻላል? ቴሌግራም በኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የውይይት ታሪክን ማውረድ ይፈቅዳል፤ ዋትስአፕም ውይይትን በጽሑፍ ፋይል ያወጣል። ግን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የሚያወርድ ጸሐፊ ያለው ማኅበር ስንቱ ነው?

ሁለተኛው ነገር ባለቤትነቱ ነው። አብዛኛው የእኛ ቡድን የተከፈተው በአንድ ቀልጣፋ አባል ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል ነው። ሰውየው ሲሄድ፣ ሲታመም ወይም ሲቀየም ቁልፉ አብሮት ይሄዳል። ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰው ሙሉ ሥልጣን ይኑረው። አቅም ያለው ማኅበር ደግሞ የራሱን የዶሜይን ስም ይግዛ። ዶሜይን ማለት በራስ ስም የተመዘገበ አድራሻ ነው፤ ደብዳቤውን የሚያስተናግደው ድርጅት ቢቀየርም አባላት የሚጽፉበት አድራሻ አይቀየርም። ክፍያው በዓመት የሚታደስ ስለሆነ በማኅበሩ ሒሳብ እንጂ በአንድ ሰው ካርድ መሆን የለበትም፤ ያ ሰው ሳያድስ ከቀረ ስሙን ሌላ ሊገዛው ይችላልና።

ሦስተኛው የአምባሰል ሰው ሳይነገረው የሚያውቀው ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አካባቢ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቴሌግራም ላይ ብቻ የተሰባሰበ ሁሉ ዝም አለ። የአባላቱን ስልክ ቁጥር በወረቀት የያዘ፣ ወይም በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚደርስበት ሰንሰለት ያበጀ እድር በእንዲህ ያለ ጊዜም ይደዋወላል። ዝርዝሩ በየስድስት ወሩ ቢታደስና ሁለት ቤት ቢቀመጥ ይበቃል።